ማኅበሩና ደጃፉ፦ ከኬሚስትሪና ከቁሳቁስ ሳይንስ የሙያ ማኅበራት ታሪክ

አቡጀዲ በክንድ ይሸጥ በነበረበት ዘመን ገበያተኛው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ብልሃት ነበረች። ገዢው ወደ ገበያ ሲወጣ ክንደ ረጅም ዘመዱን አስከትሎ ይሄዳል፤ ሻጩም በበኩሉ ክንዱ አጠር ያለውን ልጁን ለማስለካት ይሻል። ሁለቱም የሚጠሩት ስም አንድ ነው፤ ልኩ ግን ሁለት ነው። ጨርቁ ተለክቶ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላም ጠቡ አይበርድም፤ ከሁለቱ መካከል የዋሸ አንድም የለምና።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው) የኬሚስትሪ ሳይንስ የነበረበት ሁኔታ ከዚህ የጨርቅ ገበያ እጅግም የራቀ አልነበረም። የሃይድሮጅን አቶም ክብደት 1 ይባል በሚለው ብዙዎቹ ይስማማሉ። ከዚያ ወዲያ ግን አንዱ ጠቢብ ኦክስጅንን 8፣ ሌላው 16 ይለዋል፤ ካርቦንም ለአንዱ 6፣ ለሌላው 12 ነው። በዚህም የተነሣ ውሃ በአንዱ መጽሐፍ ከአንድ ሃይድሮጅንና ከአንድ ኦክስጅን፣ በሌላው መጽሐፍ ከሁለት ሃይድሮጅንና ከአንድ ኦክስጅን የተሠራ ሆኖ ይገኝ ነበር። ጀርመናዊው አውጉስት ኬኩሌ በ1861 ባሳተመው የመማሪያ መጽሐፍ፣ ኮምጣጤን ኮምጣጤ ለሚያሰኘው ለአሴቲክ አሲድ ብቻ በየጊዜው የቀረቡ 19 የተለያዩ ቀመሮችን ደርድሮ አሳይቷል። እነዚህን ቀመሮች የጻፉት ሰዎች ሚዛናቸው የተበላሸ ሰነፎች አልነበሩም። የመዘኑት በትክክል ተመዝኗል፤ የጎደለው የመዘኑትን የሚተረጉሙበት የጋራ ውል ነበር።

የእህል መስፈሪያንና የጨርቅ ልክን ነገሥታት በአዋጅ ሊደነግጉ ይችላሉ፤ ብዙዎቹም ደንግገዋል። የኦክስጅን አቶም ክብደት ግን አዋጅ አይሰማም። ይህን ውል የሚያዋውል ንጉሥም፣ ፍርድ ቤትም፣ ሲኖዶስም አልነበረም። ሥራው የወደቀው በፈቃዳቸው ተሰብስበው መዋጮ በሚያዋጡ፣ ደንብ በሚያወጡ፣ ነገር ግን ማንንም ለማስገደድ ሥልጣን በሌላቸው ሰዎች ላይ ነው። ስለ ማኅበር ሲነገር ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት ሁልጊዜ ይጠቀሳል። ተረቱ የሚናገረው ስለ ኃይል ነው፤ የኬሚስትሪ ማኅበራት ታሪክ ግን ይበልጡን የሚናገረው ስለ መታመን ነው። አንድ ሰው በአንድ ከተማ የለካውን ሌላው በሩቅ አገር ሳይጠራጠር እንዲወስደው ምን ያስፈልጋል? መልሱ በከፊል ማኅበሩ ማንን አስገብቶ ማንን በደጅ እንዳስቀረ በሚነግረን ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

በዚህ ረገድ ቀድሞ የሚነሣው ማኅበር ሳይሆን አንድ ስብሰባ ነው። ኬኩሌ ከፈረንሳዊው አዶልፍ ቩርትስና ከካርልስሩኸው ካርል ቬልትሲን ጋር ሆኖ ያሰባሰባቸው ወደ 140 የሚሆኑ ኬሚስቶች ከመስከረም 3 እስከ 5 ቀን 1860 በጀርመን አገር በካርልስሩኸ ከተማ፣ በባደን ግዛት ምክር ቤት አዳራሽ ውስጥ ተቀመጡ። ጥያቄው ግልጽ ነበር፤ አቶም ምንድን ነው፣ ሞለኪውልስ ምንድን ነው፣ ክብደታቸውስ በምን ይቆጠር? ሦስት ቀን ሙሉ ተከራከሩ። ኢጣሊያዊው ስታኒስላዎ ካኒዛሮ የአገሩ ሰው አቮጋድሮ በ1811 ያቀረበውን ሐሳብ፣ ማለትም በእኩል ይዘት፣ በእኩል ሙቀትና ግፊት የሚገኙ ጋዞች ሁሉ እኩል ቁጥር ያላቸው ሞለኪውሎች ይይዛሉ የሚለውን፣ መሠረት ካደረግን ክርክሩ ሁሉ ይፈታል ብሎ በጋለ ስሜት ተናገረ። ጉባኤው ግን የሳይንስን እውነት በድምፅ ብልጫ መወሰን አይገባም በሚል ስሜት ያለ አንዳች አስገዳጅ ውሳኔ ተበተነ።

በቃለ ጉባኤ ሚዛን ሲታይ ይህ ስብሰባ ከሽፏል። ነገር ግን ሰዎቹ ሊሰነባበቱ ሲሉ አንጄሎ ፓቬዚ የተባለ የካኒዛሮ ወዳጅ አንዲት ትንሽ ጥራዝ አደላቸው። ጥራዟ ካኒዛሮ የጄኖዋ ተማሪዎቹን የሚያስተምርበትን ትምህርት ያሳጠረባት ነበረች። የታተመችው በ1858 ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአልፕስ ተራሮች ወዲያ ማዶ ያለ ሰው እምብዛም ልብ ሳይላት ቆይታለች። ሎታር ማየር የተባለው ወጣት ጀርመናዊ ጥራዟን በኪሱ ከትቶ ሄዶ ካነበባት በኋላ ጥርጣሬው ሁሉ እንደ ጉም እንደ ተበተነለት ኋላ መስክሯል። በዚያው አዳራሽ ተቀምጦ የነበረው የ26 ዓመቱ ሩሲያዊ ድሚትሪ ሜንዴሌዬቭም የሰማውን ሁሉ ለመምህሩ በደብዳቤ ጽፎ ላከ። ጉባኤው ያላስገኘውን ውሳኔ መሰባሰቡ አስገኘው ማለት ይቻላል። ጽሑፉ ቀድሞም ነበረ፤ አንባቢውን የሰጠው ግን ስብሰባው ነው።

በዚያን ጊዜ ቋሚ የኬሚስትሪ ማኅበራት ገና ጥቂቶች ነበሩ። የለንደኑ በ1841፣ የፓሪሱ በ1857 ተመሥርተዋል። ከካርልስሩኸ በኋላ ግን የበርሊኑ በ1867፣ የሴንት ፒተርስበርጉ በ1868፣ የአሜሪካው በ1876፣ የቶኪዮው በ1878 ተከተሉ። የሁሉም ሥራ በመሠረቱ አንድ ዓይነት ነበር፤ በወር ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ይሰበሰባሉ፤ የቀረበውን ጽሑፍ ያደምጣሉ፤ ይተቹታል፤ ተገቢ የመሰላቸውን በመጽሔታቸው ያትማሉ። ይህ ቀላል የሚመስል ሥራ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከሁለት ምሽቶች ታሪክ በላይ የሚያስረዳ የለም።

የመጀመሪያው ምሽት መጋቢት 1 ቀን 1866 ነው፤ ቦታው የለንደኑ ማኅበር። ጆን ኒውላንድስ የተባለ ኬሚስት ንጥረ ነገሮችን በአቶም ክብደታቸው ቅደም ተከተል ቢደረድሯቸው ጠባያቸው በየስምንተኛው እንደሚመለስ አስረዳ፤ ነገሩንም ከሙዚቃ ድምፅ መሰላል ጋር አመሳሰለው። ከአድማጮቹ አንዱ፣ የፊዚክስ መምህሩ ኬሪ ፎስተር፣ ንጥረ ነገሮቹን በስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ተራ ደርድሮ ሞክሮ እንደሆነ ጠየቀው። ቤቱ ምን ያህል እንደ ሳቀ መገመት አያስቸግርም። ጽሑፉ በማኅበሩ መጽሔት አልወጣም፤ ለዚህም በኋላ የተሰጠው ምክንያት ማኅበሩ የሐሳብ ብቻ የሆኑ ጽሑፎችን የማተም ልማድ የለውም የሚል ነበር። ለዳኞቹ ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ የኒውላንድስ ሠንጠረዥ ጉድለት ነበረበት። ገና ላልተገኙ ንጥረ ነገሮች ክፍት ቦታ አልተወም፤ በአንዳንድ ቦታም ሁለት ንጥረ ነገሮችን አንድ ላይ አጭቋል። ይሁን እንጂ ጉድለቱን አሳይቶ ማረም አንድ ነገር ነው፤ ስቆ መሸኘት ሌላ።

ሁለተኛው ምሽት ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1869፣ በሴንት ፒተርስበርግ ነው። የሩሲያ ኬሚስትሪ ማኅበር ገና የጥቂት ወራት ዕድሜ ነበረው። ሜንዴሌዬቭ በዚያን ዕለት በስፍራው ስላልነበረ ሠንጠረዡን ያቀረበለት የሥራ ባልደረባው ኒኮላይ ሜንሹትኪን ነው። ጽሑፉም በማኅበሩ መጽሔት የመጀመሪያ ቅጽ ላይ ታተመ፤ አጭር መግለጫውም ያን ጊዜውኑ በጀርመንኛ ወጣ። ሜንዴሌዬቭ ባዶ ቦታዎች ትቶ ነበርና፣ በ1871 ገና ያልታዩ ሦስት ንጥረ ነገሮችን ጠባይ አስቀድሞ ተነበየ። ከአራት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ለኮክ ደ ቧቦድራን ጋሊየምን አገኘ፤ እፍጋቱንም 4.7 ብሎ አሳወቀ። ሜንዴሌዬቭ ብረቱን በዓይኑ ሳያይ 5.9 ገደማ መሆን አለበት፣ ናሙናው አልጠራ እንደሆነ ነው እንጂ ሲል ጻፈ። ናሙናው ጠርቶ ዳግመኛ ሲለካ 5.9 ሆኖ ተገኘ። ስካንዲየም በ1879፣ ጀርመኒየም በ1886 ተከተሉ። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር የዴቪን ሜዳሊያ በ1882 ለሜንዴሌዬቭና ለማየር፣ በ1887 ደግሞ ለኒውላንድስ ሰጠ። የኋለኛው ሽልማት በ1866 ለተሣቀው ሳቅ የተከፈለ ካሳ ይመስላል፤ የተከፈለው ግን በሌላ ማኅበር እጅ ነው።

የሐሳብ በር ሲዘጋ ጉዳቱ በመጽሔት ቅጾች ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ይቀራል። የሰው በር ሲዘጋ ግን ጉዳቱ ለማየት እንኳ ያስቸግራል። በ1904 በእንግሊዝ አገር የሚሠሩ 19 ሴት ኬሚስቶች፣ ከእነርሱም መካከል አይዳ ፍሮይንድ፣ አይዳ ስሜድሊና ማርታ ኋይትሊ ይገኙበታል፣ አባልነት እንዲፈቀድላቸው ለለንደኑ የኬሚስትሪ ማኅበር አቤቱታ አቀረቡ። አቤቱታው ልመና አልነበረም፤ ሒሳብ ነበር። ባለፉት 30 ዓመታት ወደ 150 የሚሆኑ ሴቶች ብቻቸውንም ሆነ ከሌሎች ጋር ወደ 300 የሚጠጉ ጽሑፎችን በማኅበሩ ኅትመቶች ላይ አውጥተዋል አሉ። ማኅበሩ ሥራቸውን ተቀብሎ ሲያትም ኖሮ እነርሱን ግን አዳራሹ ውስጥ በአባልነት ማስቀመጥ አልፈለገም። በዚያው ዓመት ማሪ ኩሪን በውጭ አገር የክብር አባልነት መረጣት። የፓሪሷ ሴት በክብር ገባች፤ የለንደኖቹ በደጅ ቀሩ።

የሕግ ባለሙያዎች ተጠየቁ፤ የመተዳደሪያው ደንብ አንቀጾች ተመረመሩ። በ1909 ከቀድሞ ፕሬዚዳንቶች አንሥቶ 312 አባላት ሴቶቹን ደግፈው ፈረሙ። የአመራር ጉባኤው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በፈለሰፈው ዘዴ ጸና፤ ሴቶች በደንበኝነት ተመዝግበው በስብሰባ እንዲገኙ፣ ቤተ መጻሕፍቱንም እንዲጠቀሙ ፈቀደ፤ በማኅበሩ ጉዳይ ግን ድምፅ አልሰጣቸውም። ብዙዎቹ ይህን ግማሽ ወንበር አልፈለጉትም። በሩ በሙሉ የተከፈተው በ1919 የወጣው የመንግሥት ሕግ በጾታ ምክንያት ሰውን ከሙያ ማገድን ከከለከለ በኋላ፣ በ1920 ነው። ይህ የዘመኑ ሁሉ ልማድ ነበር ብሎ ማለፍ አይቻልም። የሩሲያው ማኅበር ዩሊያ ሌርሞንቶቫን የመሳሰሉ ሴቶችን በ1870ዎቹ ውስጥ በአባልነት ተቀብሏል። እዚያው ለንደን ውስጥ እንኳ በ1877 ተቋቁሞ ባለሙያዎችን በፈተና የሚያስመሰክረው የኬሚስትሪ ኢንስቲትዩት በ1892 ኤሚሊ ሎይድን፣ በ1894 ሉሲ ቡልን አስገብቷል። ፈተና የሚሰጥ ማኅበር የሚያየው የመልስ ወረቀቱን ነው፤ ወንበር የሚያድል ማኅበር ግን ፊት ያያል።

እስካሁን የተነገረው ስለ አቶምና ስለ ሠንጠረዥ ነው። የማኅበራቱ ሥራ ከሰው ሕይወት ጋር በቀጥታ የተገናኘው ግን በባቡር ሐዲድ ላይ ነው። በአማርኛ ብረት የሚለው ቃል ለማረሻውም፣ ለድልድዩም፣ ለሐዲዱም ያገለግላል፤ አረብ ብረት ብሎ መለየት እንኳ ብዙውን ጊዜ ባለሙያ የሚያደርገው ነው። በ1870ዎቹ የአሜሪካ ባቡር ኩባንያዎች ችግርም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ለሐዲድ የሚገዙት ሁሉ አረብ ብረት ይባላል፤ አንዱ ግን ዓመታት ሲያገለግል ሌላው ቶሎ ይሰነጠቃል ወይም ይበላል። የፔንሲልቬንያ ባቡር ኩባንያ በ1875 ቻርልስ ዳድሊ የተባለ ኬሚስት ቀጥሮ በአልቱና ከተማ ላቦራቶሪ ሰጠው። ዳድሊ ደህና ያገለገሉትንና የተበላሹትን ሐዲዶች እየቆረጠ ካርቦኑን፣ ፎስፎረሱን፣ ማንጋኒዙን መረመረና ውጤቱን በ1878 ለአሜሪካ የማዕድን መሐንዲሶች ማኅበር አቀረበ። ለስለስ ያለው ብረት የተሻለ ይቆያል፤ ስለዚህ ገዢው የሚፈልገውን የብረት ቅመም ራሱ ይወስን አለ።

የብረት ፋብሪካ ባለቤቶች ተቆጡ። ብረት እንዴት እንደሚሠራ ለእኛ የሚያስተምር ገዢ ከወዴት መጣ የሚል ነበር የክርክራቸው መንፈስ። ጊዜ ሲገፋ ባቡሮቹ እየከበዱ ሄደው ኢንዱስትሪው ካርቦኑ ወደ በዛበት ጠንካራ ብረት ማዘንበሉ አልቀረም፤ ስለዚህ ዳድሊ ስለ ሐዲድ የሰጠው ምክር ሁሉ አልጸናም። የጸናው ሌላ ነገር ነው። ገዢ ብቻውን የሚጽፈው መመዘኛ ሻጩ አይቀበለውም፤ ሻጩ ብቻውን የሚጽፈውን ገዢው አያምነውም። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጥ ገለልተኛ ቤት ያስፈልጋል።

የዚህ ቤት መሠረት ቀድሞ በአውሮፓ ተጥሎ ነበር። ዮሐን ባውሺንገር በ1884 ሙኒክ ላይ የቁሳቁስ ፈታሾችን ጉባኤ ጠርቶ ነበር፤ ከእርሱ ሥራ የበቀለው ዓለም አቀፍ የቁሳቁስ ፈተና ማኅበር በ1895 ዙሪክ ላይ ቆመ። የአሜሪካው ክፍል ሰኔ 16 ቀን 1898 በፊላደልፊያ በ70 አባላት ተመሠረተ። በ1902 ራሱን ችሎ የአሜሪካ የቁሳቁስ ፈተና ማኅበር ሲሆን ዳድሊ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በታኅሣሥ 1909 እስኪሞት ድረስም መራው። ከዚያ በፊት የአሜሪካን ኬሚስትሪ ማኅበር መርቶ ነበርና ሁለቱን ሙያዎች በአንድ ሰውነቱ ያገናኘ ሰው ነው። በኮሚቴዎቹ ውስጥ አምራቹም፣ ገዢውም፣ ገለልተኛው ምሁርም ይቀመጣሉ፤ አንዱ ወገን ሌላውን በቁጥር ረግጦ እንዳያልፍ ደንቡ ይጠብቃል። መመዘኛዎቹ ማንንም በራሳቸው አያስገድዱም፤ የግዴታ ኃይል የሚያገኙት የግንባታ ውል ወይም የአገር ሕግ ቁጥራቸውን ጠቅሶ ሲጽፋቸው ብቻ ነው። ዛሬ በየአገሩ የድልድይ ብረት ወይም የሲሚንቶ ከረጢት የሚረከብ መሐንዲስ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ሰነድ ከእንዲህ ዓይነት ኮሚቴ የወጣ ነው።

በ1913 በዲትሮይት ዊልያም ዉድሳይድ የብረት አጋዮችን፣ ማለትም ብረትን በእሳት አግለው በውሃና በዘይት የሚያጠነክሩ ሠራተኞችን፣ በአንድ ክበብ ማሰባሰቡም ከዚሁ ጋር ሊነሣ ይገባዋል። እነዚህ ሰዎች የእሳቱን ልክ በብረቱ ቀለም የሚለዩ፣ የእጃቸውን ምሥጢር እርስ በርሳቸውም የሚደባበቁ ነበሩ። ያ የሠራተኞች ክበብ ነው አድጎ የአሜሪካ የብረታ ብረት ማኅበር የሆነው። ኬሚስቱ፣ የፊዚክስ ሰውና የብረታ ብረት ባለሙያው በየማኅበሮቻቸው መካከል ያለውን አጥር አልፈው በአንድ መድረክ እንዲገናኙ የተቋቋመው የቁሳቁስ ምርምር ማኅበር ግን እስከ 1973 ድረስ መጠበቅ ነበረበት።

ይህ ሁሉ የስምምነት ሥራ ምን ያህል ተሰባሪ እንደ ነበረ የታየው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ከዚያ በፊት ነገሩ ያምር ነበር። የጀርመን ማኅበር ባነሣው ሐሳብ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ከ1903 ጀምሮ አንድ የአቶም ክብደት ሠንጠረዥ ለዓለም ሁሉ በየዓመቱ ይወጣ ነበር። በ1911 የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የጀርመን ማኅበራት ተነሣሥተው የኬሚስትሪ ማኅበራትን ዓለም አቀፍ ኅብረት ፓሪስ ላይ አቋቋሙ፤ ቪልሄልም ኦስትቫልትም ፕሬዚዳንት ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1914፣ ያው ኦስትቫልት ከኤሚል ፊሸር፣ ከፍሪትስ ሃበር፣ ከቫልተር ኔርንስትና ከሌሎች የጀርመን ሊቃውንት ጋር የአገሩን ጦር ከክስ ሁሉ ነጻ የሚያደርግ የ93 ሰዎች መግለጫ ላይ ፈረመ። በሚያዝያ 1915 ሃበር ያዘጋጀው የክሎሪን ጋዝ በኢፕር ግንባር ተለቀቀ። የፓሪሱና የለንደኑ ማኅበራት የጀርመን የክብር አባላትን ስም ከመዝገባቸው ሰረዙ። የቁሳቁስ ፈተናው ዓለም አቀፍ ማኅበርም በ1912 ኒውዮርክ ላይ ካደረገው ጉባኤ በኋላ ዳግመኛ ሳይሰበሰብ ቀረ።

በ1919 አሸናፊዎቹ አዲስ ድርጅት አቆሙ፤ ዛሬም ያለው ዓለም አቀፍ የንጹሕና የተግባራዊ ኬሚስትሪ ኅብረት ነው። የተቋቋመበት ሥርዓት ግን ጀርመንንና አጋሮቿን በደጅ የሚያስቀር ነበር። ቁጣው ከየት እንደ መጣ መረዳት አያዳግትም፤ የኢፕር ሙታን አፈር ገና አልጠናም ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን ከዓለም የኬሚስትሪ ጽሑፍ ታላቅ ክፍሉ የሚወጣው በጀርመንኛ ነበርና፣ የተዘጋው በር ዘጊዎቹንም ጎዳ። ጀርመኖች በ1920ዎቹ የራሳቸውን የአቶም ክብደት ሠንጠረዥ ለብቻቸው ማውጣት ያዙ። ከካርልስሩኸ 60 ዓመት በኋላ ዓለም እንደገና ሁለት ሠንጠረዥ ኖረው፤ የአሁኑ ልዩነት ከሐሳብ ሳይሆን ከቂም የመጣ መሆኑ ብቻ ነው የተለየ።

ይህን ቂም ለማብረድ ከማንም በላይ የደከመው ሆላንዳዊው ኤርንስት ኮኸን ነው። አገሩ በጦርነቱ ገለልተኛ ስለ ነበረች ለሁለቱም ወገን ፊት ነበረው። በ1922 ከሁለቱም ወገን የሆኑ ኬሚስቶችን ወደ ኡትሬክት ከተማ በእንግድነት ጠርቶ በአንድ ገበታ አስቀመጣቸው። ስብሰባው ኦፊሴል አልነበረም፤ ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው፤ ማንም መንግሥቱን ሳያስፈቅድ ሊመጣ ይችል ነበር። በኋላም የዓለም አቀፉ ኅብረት ፕሬዚዳንት ሆነ። የማግለያው አንቀጽ በ1926 ተነሣ፤ ጀርመኖች በይፋ የገቡት ግን ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ነው። ኮኸን አይሁዳዊ ነበር። ሆላንድ በተወረረች ጊዜ ናዚዎች ይዘው ወሰዱት፤ በ1944 በአውሽቪትስ ተገደለ።

የጀርመን ማኅበር ራሱ ከዚያ ቀደም ብሎ ተፈትኖ ነበር። አይሁዳዊ የነበረው ሃበር፣ በ1933 ከእርሱ ጋር የሚሠሩትን አይሁድ እንዲያባርር ሲታዘዝ ሥራውን ለቀቀ፤ በጥር 1934 ባዝል ላይ ሞተ። በዓመቱ፣ ጥር 29 ቀን 1935፣ ማክስ ፕላንክ የሚመራው የካይዘር ቪልሄልም ማኅበር ከኬሚስትሪና ከፊዚክስ ማኅበራት ጋር ሆኖ በበርሊን የመታሰቢያ ስብሰባ ጠራ። ሚኒስቴሩ በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ ፕሮፌሰሮች እንዳይገኙ ከለከለ። ካርል ፍሪድሪሽ ቦንሆፈር ንግግሩን ቢያዘጋጅም መምጣት ስላልቻለ፣ የዩኒቨርሲቲ ሹመቱን ቀድሞ የለቀቀው ኦቶ ሃን አነበበለት። ካርል ቦሽም ከኩባንያው ሰዎች ጋር መጥቶ ተቀመጠ፤ ከተከለከሉት ፕሮፌሰሮች የብዙዎቹን ወንበር ሚስቶቻቸው ሞሉት። ስለ ሃበር የሚባለው ብዙ ነው፤ አየርን ወደ ማዳበሪያ የለወጠው ሰው ጋዙንም የለቀቀው ሰው ነው። በዚያን ዕለት የተፈተነው ግን የእርሱ ስም ሳይሆን የማኅበራቱ ነበር። ፈተናውን ያለፉት ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ በቀጣዮቹ ዓመታት አይሁዳውያን አባላት ከማኅበሩ ሲወጡ የሚከለክል አልተገኘም።

ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ የተነሣው የቁጥር ክርክር ከቂም የጠራ ነበር። በ1929 በተፈጥሮ ኦክስጅን ውስጥ ከበድ ያሉ አይሶቶፖች መኖራቸው ስለ ታወቀ፣ የፊዚክስ ሰዎች ኦክስጅን 16 የሚባለውን አይሶቶፕ ብቻ፣ ኬሚስቶች ደግሞ የተፈጥሮውን ቅይጥ 16 እያሉ ሁለት መለኪያ ይዘው ይኖሩ ነበር። ልዩነቱ ከሚሊዮን 275 ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ለትክክለኛ ሥራ ግን ብዙ ነው። አንዱ ወገን ለሌላው ቢሸነፍ የተሸናፊው መጻሕፍት ሁሉ መታረም ነበረባቸው። መፍትሔ የሆነው ሁለቱም ያልያዙት ሦስተኛ መነሻ ነው። ካርቦን 12 በትክክል 12 ይባል ተባለ፤ የፊዚክሱ ኅብረት በ1960 ኦታዋ ላይ፣ የኬሚስትሪው በ1961 ሞንትሪያል ላይ ተቀበሉት። ለኬሚስቶች ለውጡ እምብዛም ስለማይጎዳቸው በቀላሉ ተስማሙ። በ2009 ደግሞ የኅብረቱ ኮሚሲዮን የአሥር ንጥረ ነገሮች ክብደት በአንድ ቁጥር ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ ተብሎ እንዲሰጥ ወሰነ፤ ካርቦን ከ12.0096 እስከ 12.0116 ሆነ። ምክንያቱ በምድር ላይ የሚገኘው ካርቦን እንደ ምንጩ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው፤ ይህንንም ለመወሰን ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡ ናሙናዎች መለካት ነበረባቸው።

በዚህ ኅብረት አባል የሚሆኑት የየአገሩ ድርጅቶች ናቸው፤ መዋጮም አለበት። የጾታና የጦርነት በር ከተከፈተ በኋላ የቀረው በር ይህ የገንዘብ በር ነው፤ ለአፍሪካ ማኅበራት ደግሞ ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ የኬሚስትሪ ማኅበር መጽሔቱን በ1987 ማውጣት ሲጀምር፣ አዲስ አበባ ላይ የተመረመረ ውህድ ውጤት እዚሁ ተተችቶ እዚሁ የሚታተምበት ቤት ተገኘ፤ ከሌላ አገር የሚላኩ ጽሑፎችም ይታተሙበታል። በ2006 ደግሞ የአፍሪካ የኬሚስትሪ ማኅበራት ፌዴሬሽን በዚችው ከተማ ተመሠረተ። አንድ ማኅበር ብቻውን ሊከፍለው የማይችለውን ወንበር ብዙዎች ተጋግዘው ሊይዙት ይችሉ እንደሆነ ለማየት የታሰበ ጅምር ነው።